የካርታ ፋይሎችን በጅምላ ከመሰረዝ በፊት

በዘመናችን ካርታ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ተዛውሯል። በጂኦግራፊ፣ በጂኦሎጂ፣ በእርሻ፣ በከተማ ፕላን ወይም በውኃ ሀብት የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ተማሪ ሁሉ ማለት ይቻላል፣ በተለምዶ ጂ.አይ.ኤስ. እየተባለ ከሚጠራው የጂኦግራፊ መረጃ ሥርዓት ጋር ይተዋወቃል። ትውውቁ ብዙ ሳይቆይ አንድ ችግር ይዞ ይመጣል፤ የኮምፒዩተሩ ዲስክ ይሞላል። ያን ጊዜ እጅ ወደ መሰረዣው ቁልፍ ይሄዳል። ፋይሎቹ በመቶና በሺህ የሚቆጠሩ በመሆናቸው አንድ በአንድ መሰረዝ አሰልቺ ነው። ስለዚህም በጅምላ ይሰረዛሉ።

ይህ ሥራ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ ደብዳቤን መሰረዝና ካርታን መሰረዝ አንድ አይደሉም። በኮምፒዩተር የተጻፈ ደብዳቤ ራሱን የቻለ ነው፤ ቢጠፋ የሚጠፋው እርሱ ብቻ ነው። የካርታ ፋይል ግን በዝምድና የሚኖር ነገር ነው። ከሌሎች ፋይሎች ጋር ተጣምሮ ካልሆነ ትርጉም አይሰጥም፤ ሌሎች ፋይሎችም በእርሱ ላይ ይደገፋሉ። ስለዚህ በጅምላ ከመሰረዝ በፊት ስለ እያንዳንዱ የፋይል ክምችት ሦስት ጥያቄዎችን መመለስ ያስፈልጋል። ይህ ካርታ ከምን ከምን የተሠራ ነው? በእርሱ ላይ የተደገፈው ማን ነው? ቢጠፋስ እንደገና ሊሠራ ይችላልን? ይህ ጽሑፍ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች በቅደም ተከተል ይመለከታል። በመካከሉም «መሰረዝ» የሚባለው ድርጊት በዲስኩ ላይ በእርግጥ ምን እንደሚያደርግ ከፊዚክስ አንጻር ያብራራል።

ዲስኩ ለምን ይሞላል?

በመጀመሪያ የችግሩን መጠን በቁጥር እንመልከተው። ላንድሳት 8 የተባለችው ሳተላይት በአንድ ምስል 185 ኪሎ ሜትር በ180 ኪሎ ሜትር የሚሆን መሬት ትሸፍናለች። በአብዛኞቹ ባንዶች አንድ ፒክስል በመሬት ላይ 30 ሜትር በ30 ሜትር የሆነን ቦታ ይወክላል። ስለዚህ በአንድ ባንድ ውስጥ በአግድም ወደ 6,170፣ በቁመት 6,000፣ በጠቅላላው ወደ 37 ሚሊዮን ፒክስሎች ይኖራሉ። እያንዳንዱ ፒክስል 2 ባይት ስለሚወስድ አንዱ ባንድ 74 ሚሊዮን ባይት ያህል ይሆናል። እንዲህ ያሉ 10 ባንዶች ላይ፣ ፒክስሉ 15 ሜትር በመሆኑ አራት እጥፍ ቦታ የሚይዘው ሌላ አንድ ባንድ ሲጨመር፣ ያልታመቀው ምስል ወደ 1 ጊጋባይት ይደርሳል። ስፋቷ 1.1 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነችውን ኢትዮጵያን አንድ ጊዜ ለመሸፈን፣ የምስሎቹ መደራረብና የድንበሩ መጠማዘዝ ሳይታሰብ እንኳ፣ 33 ያህል ምስሎች ያስፈልጋሉ።

ይህ ገና ጥሬው ነው። ምስሉ በጥናቱ ክልል ልክ ሲቆረጥ አንድ አዲስ ፋይል ይፈጠራል። ወደ ሌላ ፕሮጀክሽን ሲቀየር ሁለተኛ፣ የዕፅዋት መጠን ሲሰላ ሦስተኛ፣ መሬቱ በአጠቃቀሙ ሲመደብ አራተኛ ፋይል ይወጣል። ምደባው ሳያረካ ቀርቶ ሲደገም ደግሞ አምስተኛና ስድስተኛ ይከተላሉ። ከአንድ ምስል አሥርና አሥራ አምስት ፋይል መውጣቱ የተለመደ ነው። ስለዚህ መሰረዝ የሥራው አንድ አካል ነውና ሊወገዝ አይገባውም። ጥያቄው እንዴት ይሰረዝ የሚለው ነው።

ካርታው ከምን ከምን ተሠራ?

በጂ.አይ.ኤስ. ሥራ እጅግ ከተለመዱት የፋይል ዓይነቶች አንዱ ሼፕፋይል ነው። የአሠራሩን ዝርዝር ኢዝሪ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1998 በይፋ አሳትሞታል። ስሙ «ፋይል» ይባል እንጂ አንድ ፋይል አይደለም። በሶፍትዌሩ መስኮት ላይ «ወንዞች» የሚል አንድ መስመር ብቻ ይታያል። ፎልደሩ ሲከፈት ግን ሁሉም «ወንዞች» የሚል ስም ያላቸው፣ በቅጥያቸው ብቻ የሚለያዩ በርካታ ፋይሎች ተደርድረው ይገኛሉ።

ከእነዚህ ውስጥ ሦስቱ የግድ ናቸው። በ«ኤስኤችፒ» የሚያበቃው ቅርጹን ይይዛል፤ የእያንዳንዱ ወንዝ መታጠፊያ ነጥቦች ኮኦርዲኔት በእርሱ ውስጥ ነው። በ«ዲቢኤፍ» የሚያበቃው ሠንጠረዡ ነው፤ የወንዙ ስም፣ ርዝመቱና ሌላው መግለጫ በእርሱ ውስጥ ይገኛል። በ«ኤስኤችኤክስ» የሚያበቃው ማውጫ ነው፤ ሶፍትዌሩ 500ኛውን ወንዝ ሲፈልግ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንዳያነብብ ቦታውን ይጠቁመዋል። ከሦስቱ በተጨማሪ ኮኦርዲኔቱ በየትኛው ሥርዓት እንደተለካ የሚናገረው «ፒአርጄ»፣ ፊደላቱ በምን ዓይነት ኮድ እንደተጻፉ የሚገልጸው «ሲፒጂ» እና ሌሎችም አጃቢዎች ይኖራሉ።

እነዚህ ክፍሎች የሚጠፉበት ጉዳት እኩል አይደለም። ማውጫው ቢጠፋ፣ ከቅርጹ ፋይል ተነሥቶ እንደገና ሊሠራ ይችላል፤ እያንዳንዱ ቅርጽ በመነሻው ላይ የራሱን ርዝመት ጽፎ ስለሚይዝ ከአንዱ ወደ ቀጣዩ እየተራመዱ ማውጫውን መመለስ ይቻላል። ሠንጠረዡ ቢጠፋ ግን መስመሮቹ ስም አልባ ሆነው ይቀራሉ። የትኛው መስመር አዋሽ፣ የትኛው ሞጆ እንደሆነ ፋይሉ አይናገርም።

ከዚህ የከፋም አለ። ቅርጹንና ሠንጠረዡን የሚያገናኛቸው የተራ ቁጥራቸው ብቻ ነው፤ ሦስተኛው ቅርጽ ከሦስተኛው ረድፍ ጋር ይጣመራል። ሠንጠረዡ በስህተት ተሰርዞ በምትኩ ከሌላ ጊዜ የተቀመጠ፣ ረድፎቹ በሌላ ቅደም ተከተል የተደረደሩበት ሠንጠረዥ ቢተካ፣ ሶፍትዌሩ ምንም ሳይቃወም ካርታውን ይከፍታል። ወንዞቹ ስም ይኖራቸዋል፤ ነገር ግን የራሳቸው ስም አይሆንም። ሳይከፈት የሚቀር ፋይል ጥፋቱን ራሱ ያሳውቃል። ተከፍቶ የተሳሳተ ነገር የሚናገር ፋይል ግን ጥፋቱን ይደብቃል።

ተመሳሳይ ነገር በሌሎች ዓይነቶችም ይታያል። ፋይል ጂኦዳታቤዝ የሚባለው ከውጭ ሲታይ አንድ ፎልደር ነው፤ በውስጡ በቁጥርና በፊደል የተሰየሙ፣ ለዓይን ምንም የማይናገሩ ብዙ ፋይሎች አሉ። ከእነርሱ አንዱን «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ መሰረዝ መላውን ማከማቻ ሊያበላሽ ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ደረጃው የወጣለት ጂኦፓኬጅ ግን ሁሉንም በአንድ ፋይል ውስጥ ስለሚጠቀልል ከዚህ አደጋ በብዙ መጠን ይጠብቃል።

ትንሹ ፋይልና የ200 ሜትር ስህተት

ዲስክ ለማጽዳት የሚነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ ፋይሎቹን በመጠን ይደረድራል፤ ከዚያም ጥቃቅኖቹን እንደ ጥራጊ ይቆጥራቸዋል። በጂ.አይ.ኤስ. ይህ አመለካከት አደገኛ ነው። አንድን የተቃኘ ካርታ በመሬት ላይ ቦታውን የሚያስይዘው «የዓለም ፋይል» የሚባለው ጽሑፍ ስድስት ቁጥሮች ብቻ የያዘ ነው። «ፒአርጄ» የተባለውም ከጥቂት መቶ ባይት አያልፍም። የእነዚህ ጥቃቅን ፋይሎች መጥፋት ምን እንደሚያስከትል ከአገራችን ምሳሌ እንውሰድ።

በኢትዮጵያ ለረጅም ዘመን ያገለገሉት ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው ዳተም ነው። ይህ ዳተም የምድርን ቅርጽ የሚወስደው እ.ኤ.አ. በ1880 ክላርክ ባሰላው ኤሊፕሶይድ ነው። የጂ.ፒ.ኤስ. መሣሪያዎች ግን ደብሊው.ጂ.ኤስ. 84 በሚባለው ዳተም ይሠራሉ። ሁለቱ የምድርን ማዕከል በአንድ ነጥብ ላይ አያስቀምጡም፤ የሚጠቀሙበት የኤሊፕሶይድ ስፋትና ጠፍጣፋነትም ይለያያል። በመሆኑም አዲስ አበባ አካባቢ ያለ አንድ ነጥብ በ37ኛው የዩ.ቲ.ኤም. ዞን በሁለቱ ዳተሞች ሲጻፍ፣ ኮኦርዲኔቱ ወደ ምሥራቅ 90 ሜትር ያህል፣ ወደ ሰሜን ደግሞ 200 ሜትር ያህል ይለያያል።

እንግዲህ በአዲንዳን የተዘጋጀ የውኃ ጉድጓዶች ሼፕፋይል አለ እንበል። ፎልደሩ ሲጸዳ «ፒአርጄ» ተሰረዘ። ቀጥሎ ካርታውን የሚከፍተው ሰው ሶፍትዌሩ ሥርዓቱን እንዲመርጥ ሲጠይቀው፣ በዘልማድ ደብሊው.ጂ.ኤስ. 84ን ይመርጣል። ጉድጓዶቹ ሁሉ ከ200 ሜትር በላይ ተዛንፈው ይቀመጣሉ። በመላ አገሪቱ ካርታ ላይ ይህ ስህተት ለዓይን አይታይም። በአንድ ቀበሌ ካርታ ላይ ግን ጉድጓዱ ከወንዙ ማዶ፣ ወይም በሌላ ገበሬ ማሳ ውስጥ ይገኛል። የማሳ ወሰን፣ የመንገድ መስመር ወይም የጤና ጣቢያ ቦታ ሲሆን ደግሞ ስህተቱ ወደ ክርክር ሊያመራ ይችላል። ይህ ሁሉ የሚመጣው ከጥቂት መቶ ባይት መጥፋት ነው።

በእርሱ ላይ የተደገፈው ማን ነው?

ሁለተኛው ጥያቄ ወደ ፕሮጀክት ፋይሉ ይወስደናል። በኪውጂስ ወይም በአርክጂስ ካርታ አዘጋጅተን «አስቀምጥ» ስንል የሚቀመጠው ፕሮጀክት በመሠረቱ ዝርዝር ነው። የትኛው ሌየር በየትኛው ፎልደር እንደሚገኝ፣ በምን ቀለም እንደሚሳል፣ ከየትኛው በላይ እንደሚደረብ ይጽፋል። መረጃውን ራሱን ግን አብዛኛውን ጊዜ አይዝም። የመጻሕፍት ቤት ካርድ መጽሐፉን እንደማይዝ ሁሉ ማለት ነው።

ከዚህ ሁለት ተቃራኒ ስህተቶች ይነሣሉ። የመጀመሪያው፣ ሌየሩን ከፕሮጀክቱ ዝርዝር ያስወጣ ሰው ፋይሉን ከዲስክ የሰረዘ ሲመስለው ነው። እርሱ ያወጣው ካርዱን እንጂ መጽሐፉን አይደለም፤ ዲስኩም እንደሞላ ይቀራል። ሁለተኛው፣ መጽሐፉን አስወግዶ ካርዱን የሚተው ነው። ፕሮጀክቱ በሚቀጥለው ጊዜ ሲከፈት የሚጠቁመውን ፋይል አያገኝም። አንድ የመሠረት ካርታ፣ ለምሳሌ የወረዳ ወሰን፣ በሃያ ፕሮጀክቶች ውስጥ ሊጠራ ይችላል። በአንዱ ፕሮጀክት ውስጥ «አያስፈልገኝም» ብሎ ከዲስክ መሰረዝ የቀሩትን አሥራ ዘጠኝ ካርታዎች ማጉደል ነው። ፎልደሩ በብዙ ተማሪዎች የጋራ ሲሆን አሥራ ዘጠኙ የሌሎች ሰዎች ሥራ ናቸው።

በራስተር ዓለምም እንዲሁ ነው። «ቨርቹዋል ራስተር» የሚባለው ፋይል ብዙ ቁርጥራጭ ምስሎችን እንደ አንድ ምስል የሚያሳይ አጭር ጽሑፍ ነው፤ ፒክስሎቹ ያሉት ግን በቁርጥራጮቹ ውስጥ ነው። «ትልቁ ምስል ስላለኝ ቁርጥራጮቹ አያስፈልጉም» ብሎ የሰረዘ ሰው በእጁ የሚቀረው ባዶ ክፈፍ ብቻ ይሆናል።

ጥሩው ነገር እነዚህን ጠቋሚዎች መመርመር መቻሉ ነው። የኪውጂስ ፕሮጀክትና የቨርቹዋል ራስተር ፋይል በውስጣቸው ተራ ጽሑፍ ናቸው፤ በ«ኪውጂዜድ» የሚያበቃው የኪውጂስ ፕሮጀክትም ያ ጽሑፍ ታምቆ ነው። ስለዚህ ሊሰረዝ የታሰበው ፋይል ስም በየትኛው ፕሮጀክት ውስጥ እንደሚገኝ በመፈለጊያ ትዕዛዝ ማወቅ ይቻላል።

ኮከቡ፣ ዕድሜውና የተከፈተው ፋይል

በጅምላ የሚሰርዝ ሰው የሚሰረዘውን የሚመርጠው በሕግ ነው። የሕጉ ጉድለት በሺህ ይባዛል። ሦስት የተለመዱ ሕጎችን እንመልከት።

የመጀመሪያው በስም መምረጥ ነው። በትዕዛዝ መስኮት ላይ የኮከብ ምልክት «ማንኛውም ነገር» ማለት ነው። «መንገድ*» ተብሎ ሲታዘዝ «መንገድ» የሚለው ሼፕፋይል ከነአጃቢዎቹ ይመረጣል፤ ይህ መልካም ነው። ሆኖም «መንገድ_የመጨረሻ» እና «መንገድ_ዳር_ዛፎች» አብረው ይመረጣሉ። በሊኑክስ ደግሞ «ሙከራ*» ለማለት ፈልጎ በመካከሉ ባዶ ቦታ ገብቶ «ሙከራ *» ቢጻፍ፣ ትዕዛዙ «ሙከራ የሚባለውን ሰርዝ፤ በተጨማሪም በዚህ ፎልደር ያለውን ማንኛውንም ፋይል ሰርዝ» የሚል ይሆናል። ኮምፒዩተሩ የተጻፈለትን እንጂ የታሰበውን አያነብብም።

ሁለተኛው በዕድሜ መምረጥ ነው። «ከሁለት ዓመት ወዲህ ያልተነካውን ሁሉ ሰርዝ» የሚለው ሕግ ለጊዜያዊ ፋይሎች ይስማማል። በጂ.አይ.ኤስ. ግን ሳይነካ የሚቆየው ብዙውን ጊዜ ዋናው መረጃ ነው። የወረዳ ወሰን፣ የመሬት ከፍታ፣ በመስክ የተሰበሰበ ነጥብ አንድ ጊዜ ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ ይነበባል እንጂ አይለወጥም። በየቀኑ የሚለወጠው ሙከራው ነው። ስለዚህ በዕድሜ የሚያጸዳ ሰው ሥሩን ቆርጦ ቅጠሉን ያስቀራል።

ሦስተኛው ሶፍትዌሩን ሳይዘጉ መሰረዝ ነው። ዊንዶውስ በሥራ ላይ ያለን ፋይል እንዳይሰረዝ ይከለክላል። የሚከለክለው ግን የተከፈተውን ብቻ ነው። ከሼፕፋይሉ ክፍሎች መካከል ሶፍትዌሩ አንድ ጊዜ አንብቦ የዘጋቸው ይሰረዛሉ፤ ይዞ የቆያቸው ይቀራሉ። ውጤቱ ከፊሉ የጠፋ፣ ከፊሉ የቀረ ካርታ ነው።

የእነዚህ ሁሉ መድኃኒት፣ የካርታን ዝምድና የሚያውቅ መሣሪያ መጠቀም ነው። በአርክጂስ ካታሎግ ወይም በኪውጂስ ብሮውዘር በኩል ሲሰረዝ ሶፍትዌሩ ሼፕፋይሉን እንደ አንድ ነገር ቆጥሮ አጃቢዎቹን አብሮ ያነሣል። ብዙ ሲሆኑ በፓይተን ቋንቋ አጭር ፕሮግራም መጻፍ ይቻላል፤ ያም ሲሆን ተራውን የፋይል መሰረዣ ከመጠቀም የጂ.አይ.ኤስ. ሶፍትዌሩ ለዚህ ያዘጋጀውን ትዕዛዝ መጥራት ይሻላል።

«ሰርዝ» ስንል ምን ይሰረዛል?

እዚህ ላይ ወደ ፊዚክስ እንሻገር። መሰረዣውን ቁልፍ ስንጫን መረጃው ከዲስኩ ላይ ወዲያውኑ የሚፋቅ ይመስለናል። እንደዚያ አይደለም። በተለመደው ማግኔታዊ ዲስክ ላይ የሚሆነው፣ የፋይሉ ስም ካለበት ማውጫ ላይ «ይህ ቦታ ነፃ ነው» የሚል ምልክት መደረጉ ብቻ ነው። ማግኔት የሆኑት ጥቃቅን ክልሎች፣ ማለትም ዜሮና አንዱ፣ ሌላ ፋይል እስኪጻፍባቸው ድረስ እንደነበሩ ይቆያሉ። የጠፋ ፋይልን የሚመልሱ ፕሮግራሞች የሚሠሩት በዚህ ምክንያት ነው። በስህተት የሰረዘ ሰው ወዲያው መጻፍ አቁም የሚባለውም ስለዚሁ ነው።

የሚገርመው፣ ይኸው ዘዴ በሼፕፋይሉ ሠንጠረዥ ውስጥም ይደገማል። በ«ዲቢኤፍ» ውስጥ አንድ ረድፍ ሲሰረዝ በረድፉ መጀመሪያ ላይ የኮከብ ምልክት ይጻፍበታል እንጂ ወዲያውኑ አይወገድም፤ የሚወገደው ፋይሉ እንደገና ሲጠቀጠቅ ነው። ጂኦፓኬጅም በውስጡ ያለ ሌየር ሲሰረዝ ባዶውን ቦታ ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ የፋይሉ መጠን የሚቀንሰው «ቫክዩም» የሚባለው ትዕዛዝ ሲሰጥ ነው። ብዙ ሌየር ሰርዞ ዲስኩ እንዳልቀለለ የሚያይ ተማሪ ምክንያቱን እዚህ ያገኘዋል።

በአዳዲሶቹ ኮምፒዩተሮች ውስጥ ያለው የፍላሽ ማኅደረ ትውስታ ግን ሌላ ጠባይ አለው። ፍላሽ በተጻፈበት ላይ ደርቦ መጻፍ አይችልም፤ አስቀድሞ አንድን ሙሉ ክፍል መፋቅ ይኖርበታል። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ ነፃ የሆነውን ቦታ ለዲስኩ ይነግረዋል፤ ዲስኩም በትርፍ ጊዜው ቦታውን አስቀድሞ ይፍቀዋል። ይህ «ትሪም» የሚባለው አሠራር ለፍጥነት ጥሩ ሲሆን፣ የጠፋን ፋይል የመመለስን ተስፋ ግን በእጅጉ ያመነምነዋል። በትዕዛዝ መስኮት፣ በጋራ የኔትዎርክ ዲስክ ወይም በፍላሽ ዲስክ ላይ የሚሰረዝ ፋይል ደግሞ በአብዛኛው በሪሳይክል ቢን በኩል እንኳ አያልፍም።

መረጃን በእርግጥ መደምሰስ የተፈጥሮ ሕግ ዋጋ የሚያስከፍለው ድርጊት ነው። ሮልፍ ላንዳወር እ.ኤ.አ. በ1961 እንዳሳየው፣ አንድ ቢት ሲደመሰስ በትንሹ የቦልትዝማን ቋሚ፣ የሙቀት መጠንና የ2 ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም ብዜት የሆነ ኃይል ወደ ሙቀት ይለወጣል። በ300 ኬልቪን ይህ ወደ 2.9 ሲባዛ 10 ሲቀነስ 21ኛ ኃይል ጁል ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በፈረንሳይ ሊዮን የተደረገ ሙከራ ይህን ገደብ አረጋግጧል። ለ1 ጊጋባይት ሲሰላ እንኳ ቁጥሩ እጅግ ኢምንት ነው፤ ዲስኮቻችን የሚያጠፉት ኃይል ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ትምህርቱ ግን ትልቅ ነው። መጻፍ ሊገለበጥ ይችላል፤ መደምሰስ ግን በፊዚክስ ትርጉሙ የማይመለስ ሂደት ነው። ሁለት የተለያዩ ያለፉ ሁኔታዎች ወደ አንድ ባዶ ሁኔታ ስለሚጠቃለሉ፣ ከባዶው ተነሥቶ የትኛው እንደነበር ማወቅ አይቻልም።

ቢጠፋ እንደገና ሊሠራ ይችላልን?

ይህ ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል። የካርታ ፋይሎች በሁለት ይከፈላሉ፤ ከሌላ ፋይል ተሰልተው የተገኙና በአንድ ወቅት ከዓለም ላይ ተለክተው የተገኙ።

የመጀመሪያዎቹን ያለ ፍርሃት መሰረዝ ይቻላል። ለምሳሌ ሶፍትዌሩ ትልቅ ምስልን ቶሎ ለማሳየት «ፒራሚድ» የሚባል የተቀነሰ ቅጂ ይሠራል። እያንዳንዱ ደረጃ ከበታቹ ሩብ ያህል ፒክስል አለው። ሩብ፣ የሩብ ሩብ እያለ የሚሄደው ድምር አንድ ሦስተኛ ስለሚመጣ፣ ፒራሚዱ ሳይታመቅ የዋናውን 33 በመቶ ያህል ቦታ ይወስዳል። ቢሰረዝ በጥቂት ደቂቃ እንደገና ይሠራል። ከመሬት ከፍታ የተሰላ የተዳፋትነት ካርታም እንዲሁ ነው። ለድረ ገጽ የሚዘጋጁ የካርታ ንጣፎችም ከዚሁ ይመደባሉ። በእነርሱ ላይ ያለው ችግር ብዛታቸው ነው፤ በየደረጃው አራት እጥፍ ስለሚሆኑ መላውን ዓለም ለመሸፈን 10ኛው ደረጃ ብቻውን ከ1 ሚሊዮን በላይ ንጣፍ ይጠይቃል። የማግኔታዊ ዲስክ ክንድ ለእያንዳንዱ ፋይል 10 ሚሊሰከንድ ቢንቀሳቀስ፣ 1 ሚሊዮን ፋይል ለመሰረዝ ሦስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል።

የሁለተኛዎቹ ነገር የተለየ ነው። ኒምበስ 1 የተባለችው ሳተላይት እ.ኤ.አ. በ1964 ምድርን ፎቶግራፍ ያነሣችው ለደመና ጥናት ነበር። የምስሎቹ ፊልም በማኅደር ተቀምጦ ከ40 ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ፣ ተመራማሪዎች እንደገና አንብበው በዚያ ዓመት መስከረም ወር በአንታርክቲካ ዙሪያ የነበረውን የባሕር በረዶ ስፋት ለመለካት ቻሉ። ፊልሙን ያስቀመጡት ሰዎች ስለ በረዶ አላሰቡም። ተጥሎ ቢሆን ኖሮ ግን ማንም ወደ 1964 ተመልሶ ሊያነሣው አይችልም ነበር። የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይም እ.ኤ.አ. በ2010 በየአገሩ መቀበያ ጣቢያዎች ተበታትነው የነበሩ የላንድሳት ምስሎችን ወደ አንድ ማኅደር መሰብሰብ የጀመረው ይህንኑ በመገንዘብ ነው።

ከዚህ ለተማሪ የሚጠቅም፣ ሲሰሙት ግን ግራ የሚያጋባ ውጤት ይወጣል። አዲስ አበባን የሚሸፍነው የዱካ 168፣ ረድፍ 54 የላንድሳት ምስል 1 ጊጋባይት ቢሆንም ሊሰረዝ ይችላል፤ መለያ ስሙ ተመዝግቦ ከተያዘ በማኅደሩ ውስጥ በነፃ ይገኛልና። በመስክ በእግር ተዞሮ በጂ.ፒ.ኤስ. የተመዘገበው የ200 ነጥቦች ሠንጠረዥ ግን 20 ኪሎባይት እንኳ ባይሞላ ሊሰረዝ አይገባውም። በዚያ ዓመት፣ በዚያ ማሳ ላይ ምን እንደበቀለ የሚመሰክረው እርሱ ብቻ ነው። በባይት የበዛው በዋጋ አይበልጥም።

የአሠራር ቅደም ተከተል

እስካሁን የተባለውን በተግባር ለማዋል የሚከተለው ቅደም ተከተል ይረዳል።

አንደኛ፣ ከመጀመሪያው ፋይሎችን በሦስት ፎልደር መለየት፦ «ጥሬ»፣ «ሥራ» እና «ውጤት»። ጥሬው ፎልደር እንዲነበብ እንጂ እንዲጻፍበት አይፈቀድም። የጅምላ ስረዛ በ«ሥራ» ፎልደር ብቻ ይወሰናል።

ሁለተኛ፣ ከመሰረዝ በፊት ዝርዝር ማውጣት። የመሰረዣውን ትዕዛዝ ከመስጠት አስቀድሞ በዚያው ሕግ የማሳያውን ትዕዛዝ መስጠትና የሚወጣውን ስም በዓይን ማንበብ ያስፈልጋል። ዝርዝሩ ውስጥ ያልተጠበቀ አንድ ስም እንኳ ከተገኘ ሕጉ ስህተት አለበት ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ የሚሰረዝ ውጤት ከየትኛው ፋይል፣ በየትኛው ስሌት እንደተገኘ በአጭር ጽሑፍ መመዝገብ። «እንደገና ሊሠራ ይችላል» የሚለው ቃል እውነት የሚሆነው የአሠራሩ መዝገብ ሲኖር ነው።

አራተኛ፣ በሌላ ዲስክ ላይ ቅጂ መኖሩን ማረጋገጥ፤ ማረጋገጥ ሲባልም ቅጂውን በእርግጥ ከፍቶ ማየት ነው። ሁለት ፎልደሮችን እያመሳሰለ የሚሄድ ፕሮግራም ብቻውን እንደ መጠባበቂያ ቅጂ አይቆጠርም፤ እዚህ የተሰረዘውን እዚያም ይሰርዘዋልና።

አምስተኛ፣ ሶፍትዌሩን ዘግቶ የተመረጡትን ፋይሎች ወደ አንድ ጊዜያዊ ፎልደር ማዛወር እንጂ ወዲያውኑ አለመሰረዝ። ከዚያ ፕሮጀክቶቹን አንድ በአንድ ከፍቶ የጎደለ ሌየር መኖር አለመኖሩን ማየት። በአንድ ዲስክ ላይ ፋይል ማዛወር የአድራሻ ለውጥ ብቻ ስለሆነ ጊዜም ቦታም አይወስድም፤ ስህተት ቢገኝም ይመለሳል።

ስድስተኛ፣ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ቆይቶ፣ ማንም የጎደለበት ካልተገኘ፣ ያን ጊዜ መሰረዝ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ የካርታ ፋይል ዋጋ የሚታወቀው አብዛኛውን ጊዜ ከጠፋ በኋላ ነው። ከላይ የተዘረዘረው ጥንቃቄ በጠቅላላው ከአንድ ከሰዓት በኋላ በላይ አይፈጅም። በመስክ የተሰበሰበ መረጃ ሲጠፋ ግን ወደዚያው መስክ መመለስ ይቻል ይሆናል እንጂ ወደዚያው ዓመት መመለስ አይቻልም።